ለልጁ ማን ይመልስለታል?

ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ ከምትወዳቸው የልጆች ቪዲዮዎች አንዱን ስታይ አጠገቧ ተቀምጬ ልብስ አጥፍ ነበር። በቪዲዮው ውስጥ ያለችው የካርቱን ጥንቸል ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙራ «ቀዩ ኳስ የት አለ?» ብላ ጠየቀችና ለሦስት ሰከንድ ያህል ዓይኗን እያርገበገበች ዝም አለች። ልጄ ስለ ኳሱ አልመለሰችም። ብድግ ብላ፣ ጠዋት ወድቃ የተላጠ ጉልበቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ «አመመኝ» አለቻት። ጥንቸሏም እያጨበጨበች «ጎበዞች! በትክክል መለሳችሁ!» አለች። ልጄ መጀመሪያ ጥንቸሏን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያም እንደገና ጉልበቷን ተመለከተች።

ያን ዕለት ፊቷ ላይ ያየሁት ግራ መጋባት ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። በመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ወላጆች ስለ ስልክ፣ ስለ ታብሌትና ስለ ቴሌቪዥን ሲጠይቁኝ የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ በደቂቃ የሚለካ ነበር። በቤቴም ቢሆን ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ ልጄ ስክሪን ፊት የቆየችበትን ጊዜ በእርሳስ እየመዘገብኩ፣ ማታ ማታ ደምሬ አንዳንዴ እፎይ እል፣ አንዳንዴ ራሴን እወቅስ ነበር። ከጥንቸሏ በኋላ ግን በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ ያልተሰጠው ሌላ ጉዳይ እንዳለ ገባኝ፤ ልጅቷ ስትናገር የሰማት፣ ስታሳይ ያየላት ማን ነበር የሚለው። ከዚያ ወዲህ በቤትም ሆነ በክፍል ውስጥ ስለ ዲጂታል መሣሪያዎች የማስበው በዚህ ጥያቄ በኩል ነው።

ደቂቃ መቁጠር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ምንም ስክሪን እንዳያዩ፣ ለአንድ ዓመት ልጆችም እንደማይመከር፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፉ፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር የተሻለ እንደሚሆን አስታውቋል። ቁጥሩን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ቁጥሩ የተጻፈበትን ሰነድ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። ሰነዱ ዋና ጉዳዩ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ 24 ሰዓቱን ለእንቅስቃሴ፣ ለመቀመጥና ለእንቅልፍ እንዴት ቢያከፋፍለው ይበጃል የሚል ነው። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ፣ ከዚህም ውስጥ 60 ደቂቃው ትንፋሽ የሚያስቆርጥ ሩጫና ዝላይ እንዲሆን፣ እንቅልፉም ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲደርስ ይመክራል። የስክሪኑ 1 ሰዓት የመጣው በዚህ መሃል ስለሆነ፣ ስጋቱ በአብዛኛው ልጁ ተቀምጦ መዋሉ ነው። ተቀምጦ በሚያሳልፈው ጊዜም ከአሳዳጊው ጋር ማንበብና ተረት መስማት እንደሚበረታታ እዚያው ተጽፏል። አዘጋጆቹ ምክራቸውን አጥብቀው ቢሰጡም፣ የተደገፉበት የጥናት ማስረጃ ጥራቱ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን አልደበቁም፤ ይህን ሐቀኝነታቸውን አከብራለሁ። የእኔ ወረቀት ግን እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ አልነበረውም። ልጄ ከአያቷ ጋር በቪዲዮ ያወራችበትን 20 ደቂቃና ብቻዋን ካርቱን ያየችበትን 20 ደቂቃ በአንድ ዓምድ ጽፎ 40 ብሎ ይደምራቸው ነበር።

በቋንቋችን ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይባላል። አፍ ግን ብቻውን አይፈታም፤ የሚፈታው በሌላ ሰው አፍና ዓይን ፊት ነው። ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ይህን በማያሻማ መንገድ አሳይቷል። እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርባቸው ቤቶች የሚያድጉ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ከማንዳሪን ቻይንኛ ተናጋሪዎች ጋር 12 ጊዜ እየተገናኙ፣ መጽሐፍ እየተነበበላቸው በአሻንጉሊት ተጫወቱ። ሌሎች ሕፃናት እነዚያኑ ተናጋሪዎች በቪዲዮ ብቻ አዩ፤ ድምፃቸውን ብቻ የሰሙም ነበሩ። በኋላ ሲፈተኑ፣ ከሰው ጋር የተጫወቱት በእንግሊዝኛ የሌለ የቻይንኛ ድምፅ ልዩነት መለየት ችለው ተገኙ። በቪዲዮ ያዩትና ድምፅ ብቻ የሰሙት ግን፣ ቻይንኛ ጨርሶ ሰምተው ከማያውቁት የሚሻሉበት ነገር አልነበረም። ተናጋሪዎቹም ቋንቋውም አልተለወጡም፤ በቪዲዮው ያልነበረው ሕፃኑ ሲያየው መልሶ የሚያየው ሰው ነው።

ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ስክሪን የተባለውን ሁሉ ጠቅልሎ ሊያወግዝ ይቃጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ግን ጥፋቱ የስክሪኑ እንዳልሆነ ያስረዳል። ዕድሜያቸው ከ24 እስከ 30 ወር የሆነ ልጆች አዲስ ግሦችን በሦስት መንገድ እንዲማሩ ተደረገ፤ ከፊሎቹ ፊት ለፊታቸው ከተቀመጠ ሰው፣ ከፊሎቹ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ፣ ከፊሎቹ ደግሞ አስተማሪዋ ከሌላ ልጅ ጋር ስትነጋገር ከተቀዳ ቪዲዮ። ፊት ለፊትና በጥሪ የተማሩት ግሦቹን ያዙ፤ ከተቀዳው ቪዲዮ የተማሩት አልያዙም። የጥሪውም ሆነ የቅጂው ልጅ ያየው ስክሪን ነው። በጥሪው በኩል ያለችው ሴት ግን ልጁ ሲስቅ ትስቃለች፣ ዝም ሲል ትጠብቀዋለች፣ ሌላ ቦታ ሲያይ በስሙ ትጠራዋለች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ18 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪንን ሲከለክል የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ የተወው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ጉዳይ አዋቂዎች ራሳችንን ለማታለል ያለን ችሎታ ከፍ ያለ ነው። ጁዲ ዲሎች እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ12 እስከ 18 ወር ያሉ ሕፃናት ቃላት ያስተምራል ተብሎ ይሸጥ የነበረ ቪዲዮ ለ4 ሳምንት በየቤታቸው አዩ። ቪዲዮውን ያዩት ምንም ካላዩት የበለጠ ቃል አልተማሩም፤ ከሁሉ ይበልጥ የተማሩት ቪዲዮ ሳያዩ፣ ወላጆቻቸው በዕለት ተዕለት ኑሮ መካከል ቃላቱን ያስተማሯቸው ነበሩ። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላው ግኝት ነው፤ ቪዲዮውን የወደዱት ወላጆች ልጃቸው ከቪዲዮው ብዙ ቃል እንደተማረ ያምኑ ነበር። እኔም ከእነርሱ አንዷ ነኝ። ልጄ በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ ትቆጥራለች እያልኩ ለዘመድ ሁሉ አውርቻለሁ። አንድ ቀን ምሳ ሲቀርብ «ሦስት ማንኪያ አምጪልኝ» ብላት በእቅፏ ሙሉ ይዛ መጥታ «ሃያ!» አለችኝ።

እስካሁን የጻፍኩት ልጁ ስለሚያየው ስክሪን ነው። ልጁ መጀመሪያ የሚያውቀው ስክሪን ግን የራሱ አይደለም፤ በእኛ እጅ ላይ ያለው ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የአምስት ዓመት ተማሪዬ እቃቃ ስትጫወት «እናት» ሆና፣ በአንድ እጇ አሻንጉሊት አቅፋ፣ በሌላው እጇ የእንጨት ብሎክ ይዛ በአውራ ጣቷ ትዳብሰው ነበር። «ልጅ» የሆነው ጓደኛዋ «እማዬ፣ እማዬ» እያለ ቀሚሷን ሲጎትታት፣ ዓይኗን ከብሎኩ ሳትነቅል ሌባ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ «ቆይ፣ አንዴ» አለችው። በመጀመሪያ የታዘብኩት እናቷን ነበር። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ያ የጣት አቀሳሰር የእኔው ሆኖ አገኘሁት፤ ጠዋት ጠዋት የተማሪዎችን ስም በስልኬ ስመዘግብ ልጆቹ ወደ እኔ ሲሮጡ የምላቸው ይህንኑ ነው። በማግስቱ ስም መቆጣጠሪያውን ወደ ወረቀት መለስኩት፤ ወደ ስልኩ የምገለብጠው ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በሰው ኪስ ውስጥ ሳይገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ኤድዋርድ ትሮኒክ እና ባልደረቦቻቸው አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። እናት ከሕፃኗ ጋር ስትጫወት ትቆይና ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ታደነድናለች፤ ታየዋለች እንጂ አትስቅለትም፣ አትናገረውም። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ድምፅ ያሰማል፤ በቀድሞው መንገድ ሊመልሳት የሚችለውን ሁሉ ይሞክራል። ሳይሆንለት ሲቀር ፊቱን ያዞራል። ስልኩን የሚያነብ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ለማወቅ የፈለገ ወላጅ፣ አንድ ምሽት ሳያውቅ ፎቶ ቢነሣ ይበቃዋል። ባለቤቴ አንሥቶኝ ነበር፤ ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ።

የቴሌቪዥኑም ነገር እንዲሁ ነው። በቤታችን ማንም የማያየው ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ይሆን ነበር፤ ማንም ስለማያየውም በወረቀቴ ላይ አልመዘገብኩትም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ትንንሽ ልጆች ልብስ ላይ ድምፅ መቅጃ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ሲቀዳ፣ ቴሌቪዥን በተሰማበት በእያንዳንዱ ሰዓት ልጁ ከአዋቂ የሚሰማው ቃል በአማካይ በ770 ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የአዋቂ ፕሮግራም በተከፈተበት ክፍል ውስጥ የሚጫወቱ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያሉ ልጆች ወደ ስክሪኑ የሚያዩት አልፎ አልፎ ብቻ ቢሆንም፣ በአንድ አሻንጉሊት ላይ የሚቆዩበት ጊዜ እንደሚያጥር አሳይቷል። ቴሌቪዥኑን ያጠፋነው ሰሞን ቤቱ ጭር ብሎብን ነበር። ከሳምንት በኋላ ባለቤቴ «ይህች ልጅ እንዲህ ለፍላፊ ናት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስልክን ማባበያ ስለማድረግም መናገር አለብኝ፤ በዚህ እኛም ወድቀንበታልና። ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል አካባቢ ሳለች ስታለቅስ ስልክ እንሰጣት ነበር። ወዲያው ዝም ትላለች፤ ሰውም ያመሰግነናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የምታለቅሰው ስልኩን ለማግኘት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች ያሏቸውን 422 ወላጆች ለወራት ሲከታተል፣ ልጅን ለማረጋጋት በተደጋጋሚ ስልክ ወይም ታብሌት መስጠት ቶሎ ከሚለዋወጥና ከሚገነፍል ስሜት ጋር ተያይዞ አግኝቶታል፤ ይህም በተለይ በወንዶችና ከተፈጥሯቸው ቅብጥብጥ በሆኑ ልጆች ላይ ጎልቶ ታይቷል። ልጁ ቁጡ ስለሆነ ስልክ ይሰጠዋል ወይስ ስልክ ስለሚሰጠው ይቆጣል የሚለውን ቆርጦ መናገር አስቸጋሪ ነው፤ ሁለቱ እየተመጋገቡ የሚሄዱ ይመስላል። እኔ በቤቴ ያየሁት የሚያለቅስ ልጅ ጥያቄ እያቀረበ መሆኑንና ስልኩ ጥያቄውን ከመመለስ ይልቅ እንዲረሳው ማድረጉን ነው። ደክሞሽ ነው? ተናደሽ ነው? ወንድምሽ ወስዶብሽ ነው? ብሎ ስሜቱን ስም የሚሰጥለት ካላገኘ፣ ስሙን ሳያውቀው ያድጋል።

ስልኩን ስንቀበላት የሚነሣው ጩኸት ግን ሌላ መላ ፈለገ። መጀመሪያ የሞከርኩት «ሁለት ደቂቃ ቀርቶሻል» ማለትን ነበር፤ ሁሉም የሚመክረው እሱን ነውና። ባሰባት። በኋላ ሳነብ፣ የሁለት ደቂቃ ማስጠንቀቂያ መለያየቱን ይበልጥ እንደሚያከብደው፣ ቪዲዮው ራሱ ሲያልቅ ወይም ጨዋታው ራሱ ሲቋጭ ግን ልጆች ቀለል ብሏቸው እንደሚለቁ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ማሳየቱን አወቅኩ። ለሦስት ዓመት ልጅ ሁለት ደቂቃ ምን ማለት ነው? የታሪክ ማለቅን ግን ታውቃለች፤ ተረት ሁሉ ያልቃል። ዘመናዊዎቹ መተግበሪያዎች የነጠቁን ይህን ማለቅ ነው፤ አንዱ ቪዲዮ ሳይፈጸም ቀጣዩ ራሱን ይጀምራል። በማስተካከያው ውስጥ ገብተን ራሱን የሚያስቀጥለውን ዘጋነው፤ ሁለት ክፍል ብቻ አስቀድመን አውርደን ኢንተርኔቱን ማጥፋትም ጀመርን። ሲያልቅ ማጥፊያውን የምትጫነው እርሷ ናት። ከአሥር ቀን አንዱን አሁንም ታለቅሳለች፤ ያ ግን የልጅ ልቅሶ ነው።

ስለ እንቅልፍ ባጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች ከመኝታቸው በፊት ለ1 ሰዓት ደማቅ ብርሃን ፊት ሲጫወቱ፣ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ወደ 88 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ያ ብርሃን ከታብሌት ብርሃን የበረታ ስለነበር ቁጥሩን እንዳለ ወደ ቤታችን ማምጣት ልክ አይሆንም። የልጅ ዓይን ከአዋቂ ዓይን ይልቅ ብርሃን አስገቢ መሆኑ ግን እውነት ነው። በቤታችን ከእራት በኋላ ስክሪን የለም፤ ይህ ሕግ ለእኔ ከልጄ ይልቅ ይከብደኛል።

ወደ ክፍሌ ልግባ። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 የትንንሽ ልጆች ተቋሙን ሲከፍት፣ ከሦስት ዓመት በኋላም «የልጆች የአትክልት ሥፍራ» የሚል ስም ሲያወጣለት፣ ለልጆቹ ያዘጋጀላቸው ዕቃዎች ኳሶችና ከእንጨት የተቆረጡ ቅርጾች ነበሩ፤ «ስጦታዎች» ይላቸው ነበር። ስለ ዲጂታል መሣሪያ በተከራከርን ቁጥር እነዚያ የእንጨት ስጦታዎች ትዝ ይሉኛል፤ ምክንያቱም እነርሱም ለልጁ ይመልሱለታል። ብሎኩን ያለ ቦታው ያስቀመጠ ልጅ ግንቡ ይፈርስበታል። ግንቡ አይቆጣውም፣ «ጎበዝ» ብሎም አይሸነግለውም።

ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ መዋዕለ ሕፃናት ታብሌቶች ተገዝተው፣ ፊደል የሚያስጽፍ መተግበሪያ ተጭኖባቸው መጡ። ልጁ በነጠብጣብ የተሠራውን ፊደል በጣቱ ሲከተል ፊደሉ ቀይ ይሆናል፣ ከዋክብትም ከላይ ይዘንባሉ። በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ ስክሪኑን በመዳፉ ሙልጭ አድርጎ ቢወለውለውም ከዋክብቱ እንደሚዘንቡ አወቀ። በሳምንቱ መጨረሻ ክፍሉ በሙሉ ያውቀው ነበር። የልጁን ብልህነት እስከ ዛሬ አደንቃለሁ፤ እንዲያውም በዚያ ወር በክፍሉ ውስጥ ከተደረጉት ግኝቶች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነበር። በወሩ መጨረሻ መተግበሪያው ባወጣው ሪፖርት መሠረት ልጆቻችን ፊደላቱን መቶ በመቶ «ጨርሰዋል»። ርእሰ መምህሩም ሪፖርቱን አትመው ለወላጆች ሰጡ። እርሳስና ወረቀት ሲሰጣቸው ግን ከልጆቹ ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ፊደል ከየት እንደሚጀምሩ አያውቁም ነበር።

ይህ የመተግበሪያው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ እጅ ራሱ የሚሠራው ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ አንድ ጥናት ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ልጆች ፊደላትን በነጻ እጅ በመጻፍ፣ በነጠብጣብ ላይ በመከተልና ቁልፍ በመጫን ተለማመዱ፤ ከዚያም ፊደላቱን ሲያዩ አእምሯቸው እንዴት እንደሚሠራ በምስል ማንሻ መሣሪያ ታየ። አዋቂ ሲያነብ የሚሠሩት የአእምሮ ክፍሎች የነቁት በነጻ እጅ የጻፏቸውን ፊደላት ሲያዩ ነው። በእርግጥ የልጅ የመጀመሪያ ፊደል የተጣመመ ነው፣ ከመስመር ይወጣል፣ አንዳንዴም ተገልብጦ ይጻፋል። የሚያስተምረውም ምናልባት ይኸው መጣመሙ ነው፤ ልጁ ራሱ አይቶ «ይህ አይመስልም» ይላልና።

እነዚያኑ ታብሌቶች ግን ለሌላ ነገር ስናውላቸው ሌላ ነገር ሆኑ። ካሜራቸውን ከፍተን ልጆቹን ወደ ግቢ ወሰድናቸው፤ ለሁለት አንድ ታብሌት፣ አንዱ ያነሣል ሌላው ይመርጥለታል። የጉንዳን ሰልፍ አነሡ፣ የቅጠል ጀርባ አነሡ፣ አንዷ ደግሞ የራሷን ጥላ ለመያዝ ስትሞክር ግማሽ ሰዓት ሮጠች። ክፍል ተመልሰን ፎቶውን አስፍተን ስናየው «ጉንዳኗ የያዘችው ምንድን ነው?» በሚለው ላይ የተነሣው ክርክር እስከ ምሳ ሰዓት አልበረደም። ድምፅ መቅጃውም እንዲሁ ነበር። የራሷን ተረት ስታወራ የተቀዳች አንዲት ልጅ መልሳ ስትሰማው «ቆይ፣ ጅቡ መቼ ገባ? አልተናገርኩም!» ብላ ሁለተኛ እንዲቀዳ ጠየቀች። የተረት ቅደም ተከተልን እንዲህ አድርጌ አስተምሬ አላውቅም።

ቀስት ባለባቸው ቁልፎች የምትታዘዝ ትንሽ ሮቦትም ነበረችን፤ የዚህ ሐሳብ ሥር ተመራማሪው ሲሞር ፓፐርት እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 ለልጆች እስከ ሠሩት ሎጎ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ፣ በእርሱም እስከምትታዘዘው «ኤሊ» የተባለች ሮቦት ድረስ ይሄዳል። ልጆቹ ሮቦቷን ከምንጣፉ ጫፍ እስከ መስኮቱ ለማድረስ ወደፊት፣ ወደፊት፣ ወደ ግራ እያሉ ያዝዟታል። ሮቦቷ የምትሄደው እነርሱ ወዳሰቡት ሳይሆን ወዳዘዟት ነው። ቁምሣጥን ስትመታ ይስቃሉ፣ ይወቃቀሳሉ፣ ከዚያም አንዱ ተነሥቶ በሮቦቷ ቦታ ራሱ ቆሞ እየተራመደ ግራውን ይፈልጋል። እንደ ፍሮብል ብሎክ ይህችም አትሸነግልም።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች «ሁሉም ይጠቀም» ወይም «ማንም አይንካ» ሲሉ ስሰማ ሁለቱም ከክፍሉ በር ውጭ የቆሙ ይመስለኛል። ስዊድን ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርቷ ዲጂታል መሣሪያዎች ወደ መዋዕለ ሕፃናት እንዲገቡ ግዴታ አድርጋ፣ በ2023 መንግሥቷ ወደ መጽሐፍና ወደ እጅ ጽሑፍ ለመመለስ ግዴታውን እንደሚያነሣ አስታወቀ፤ በ2024 ደግሞ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤቷ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላሉት ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ መከረ። ግዴታው መነሣቱ ደስ ይለኛል፤ መምህር ስለታዘዘ ብቻ የሚያበራው ታብሌት ለማንም አይጠቅምም። ግን የጉንዳኗን ፎቶ የሚከለክለኝ ሕግ ቢመጣ እከራከር ነበር።

በተለይ የምከራከረው ስለ አንድ ተማሪዬ ስል ነው። ይህ ልጅ አምስት ዓመት ሆኖት አይናገርም፤ የሚሰማውን ግን ይረዳል። ሥዕል ሲነካ ቃሉን በድምፅ የሚናገር መተግበሪያ ያለበት ታብሌት ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚነካው «ውኃ» እና «ኳስ» የሚሉትን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሁሉም ልጆች ምንጣፍ ላይ እንዲቀመጡ ስጠራ፣ ቆሞ ስክሪኑን ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ ቆየና አንዷን ሥዕል ነካ። «አልፈልግም» አለ ታብሌቱ። እኔም ልጆቹም ደነገጥን። ለመምህር እንቢ ማለት መብቱ የሆነ ልጅ በክፍሌ ውስጥ እንዳለ፣ እስከዚያ ቀን ድረስም እንቢታውን የሚሰማለት እንዳላገኘ ያን ጊዜ አሰብኩ። «እሺ፤ ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት። እንደገና ብዙ ካገላበጠ በኋላ «መስኮት» አለኝ። መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። የእርሱን ታብሌት ከሌሎቹ ታብሌቶች ጋር አንድ ሰዓት በሚል ገደብ ማጠር፣ ሌላውን ልጅ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ተናገር እንደ ማለት ነው።

ፎቶን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መዋዕለ ሕፃናት የልጆችን ፎቶ በወላጆች ቡድን ውስጥ መለጠፍ ልማድ ሆኗል፤ ወላጅ ይደሰታል፣ መምህርም መሥራቱ ይታይለታል። ወላጆች ፈርመው ይፈቅዳሉ፤ ልጆቹን ግን የሚጠይቅ የለም። አራት ዓመት የሆናት ልጅ ፊቷን በእጇ ሸፍና «አታንሺኝ» ስትለኝ፣ እየሳቅኩ እንዳነሣኋት አስታውሳለሁ። አሁን እጠይቃለሁ፤ «አይ» ከተባልኩም ስልኩን ወደ ኪሴ እመልሳለሁ። ደግሞም ከጨዋታው መሃል ተጠርቶ ለፎቶ ፈገግ ያለ ልጅ ወደዚያው ጨዋታ የሚመለሰው ስንት ጊዜ ነው?

ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለውን ወረቀት እስካሁን አላነሣሁትም፤ ዓምዶቹ ግን ተለውጠዋል። ባለፈው ቅዳሜ ከአያቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ ድብብቆሽ እንጫወት ብላ ስልኩን ይዛ ሮጠች። አያቷ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ አሥር ሲቆጥሩ፣ ልጄ ራሷ መደበቅ ሲገባት ስልኩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ትራስ ሥር ከተተችውና ከክፍሉ ወጣች። «አሥር! የት ነሽ? ጨለመብኝ እኮ!» የሚል የታፈነ ድምፅ ከአልጋው ውስጥ ይሰማል። ልጄ በሩ ሥር ቁጢጥ ብላ አፏን በሁለት እጇ ይዛ እየሳቀች፣ «እፈልግሻለሁ!» ብላ መለሰችላቸው። ምን ብዬ እንደምመዘግበው አላወቅኩም። የዚያን ቀን ዓምዱን ባዶ ተውኩት።